ሳይንስን ለገበሬ የማስረዳት ሙያና የምሩቃኑ ጉዞ በጎጃም ደጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የሳይንስን ግኝት ከተመራማሪው ጠረጴዛ አንሥቶ ለሌላው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማድረስ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1985 ንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ሕዝቡ ስለ ሳይንስ ያለውን ግንዛቤ የሚመለከት ሪፖርት አውጥቶ፣ ሳይንቲስቶች ከሕዝብ ጋር መነጋገር ግዴታቸው መሆኑን አሳሰበ። ከዚያ በኋላ በለንደን የሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፈተ። ከእንዲህ ያለው ትምህርት የሚወጡት ምሩቃን ወደ ቤተ መዘክር፣ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ወደ መጽሔት ዝግጅት ክፍል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ይሠማራሉ። ሥራቸው ስም አለው፤ የዕድገት መንገዱም ቢሆን ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ይህ ስም እምብዛም አይሰማም። ሥራው ግን አለ፤ ያውም በየቀበሌው አለ። አፈር ለምን እንደሚደክም፣ ዘር ለምን እንደሚመረጥ፣ ሕፃን ለምን እንደሚከተብ ለጎጃም ደጋ ሰው ፊት ለፊት ቆመው የሚያስረዱት የግብርና ልማት ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሳይንስ ቃል አቀባዮች ተብለው ባይጠሩም፣ በዚህ አገር ከእነርሱ የበለጠ ይህን ስም የሚገባው ሰው የለም። ይህ ንግግር ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ላይ ያተኩራል። ምክንያቱም የደጋው ገበሬ ዛሬ የገጠመው ትልቁ ችግር፣ ማለትም የአፈሩ መኮምጠጥ፣ የሚያስረዳው ሰው በቦታው መቆየቱንና አለመቆየቱን አጥብቆ የሚጠይቅ ነገር ሆኖ በመገኘቱ ነው።

የግብርናን ትምህርት ወደ ገበሬው ማሳ የማድረስ ሥራ በኢትዮጵያ በ1940ዎቹ ዓ.ም ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ኮሌጁ በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ርዳታ ሲቋቋም ማስተማሩ፣ መመራመሩና ለገበሬው ማሠራጨቱ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በ1955 ዓ.ም የሥርጭቱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ውሳኔው ለአስተዳደር የሚመች ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚመራመረውና የሚናገረው ሰው በሁለት መሥሪያ ቤት ተለያይተው ቀሩ፤ የመለያየቱም ዕዳ እስከ ዛሬ ተከፍሎ አላለቀም። በዘመናቱ መካከል የመጡትን ፕሮግራሞች ሁሉ መዘርዘር ጊዜ ከመፍጀት በስተቀር አይጠቅምም። ዋናው ነገር በ1990ዎቹ ዓ.ም የሆነው ነው፤ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው ሦስት ዓመት የሚያስተምሩ ሆኑ፤ እስከ 2001 ዓ.ም ባሉት ዓመታትም ከ60 ሺህ በላይ ወጣቶች በዲፕሎማ ተመረቁ። ከኮሌጆቹ አንዱ በጎጃም ቡሬ ላይ ተቋቋመ። በዕቅዱ መሠረት እያንዳንዱ ቀበሌ ሦስት ሠራተኞች ይደርሱታል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት።

ምሩቁ ቀበሌ ሲደርስ ዕድሜው ከሃያዎቹ መጀመሪያ ብዙም አያልፍም። የኮሌጅ ደብተሩ ስለ ናይትሮጅንና ስለ ፎስፈረስ ብዙ ይናገራል፤ ስድሳ ዓመት ከሞላውና አርባውን ክረምት ሞፈር ጨብጦ ካሳለፈ ሰው ጋር እንዴት ወግ እንደሚጀመር ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ በስናን ወረዳ ገብስና ድንች የሚያበቅል ገበሬ የራሱን ማሳ ከማንም በላይ ያውቃል። የትኛው ጥግ ውኃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ተዳፋት ዘር እንደሚመልስና እንደማይመልስ የሚነግረው መምህር አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ የጎጃም አድማጭ ተራ አድማጭ አይደለም። ዲማ፣ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ትምህርት አምባ የነበሩበት አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር ንግግርን በሰምና በወርቅ መመዘን ለምዷል። የተነገረውን ከመቀበሉ በፊት ከኋላው ያለውን ይፈልጋል። «ይህ ልጅ የመጣው ለምንድን ነው? ማንስ ላከው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ታሪክ ያስተማረው ነው። በ1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ተግባራዊ ይሁን ሲባል፣ መሬት ሊለኩና ምርት ሊገምቱ የመጡ ሰዎች የጎጃምን ገበሬ ለአመፅ አነሣሡት። በሞጣና በዳሞት በኩል ከባድ ግጭት ተካሄደ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ወረቀትና ሜትር ይዞ ወደ ማሳ የሚገባ ወጣት፣ እርሱ ከመወለዱ ብዙ ዘመን በፊት በተፈጸመ ነገር ይጠረጠራል። በ1989 ዓ.ም በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ይህንኑ ጥርጣሬ አደሰው። ይህን ታሪክ ሳያውቅ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ምሩቅ ዝምታ ሲገጥመው «ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ደግሞ ከሙያው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

በሥራው ላይ የተጫነው ሁለተኛ ሸክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የልማት ሠራተኛው አስተማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው በጊዜ ብዛት ይለዝብ ነበር። ነገር ግን በአያሌ ቀበሌዎች ማዳበሪያ እንዲወሰድ የሚቀሰቅሰው፣ የዱቤውን ዕዳ የሚያስታውሰው፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ ለተፋሰስ ሥራ ሰው የሚቆጥረው እርሱው ሆኖ ቆይቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ቆሞ ስለ ዘር የመከረው ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት የዕዳ ዝርዝር ይዞ ከደጅ ከታየ፣ የእሑዱ ምክር የማክሰኞው ዝርዝር መግቢያ ሆኖ ይቆጠራል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ይህን በሚገባ ስለሚያውቁ፣ የሚችሉትን ያህል ሁለቱን ሥራዎች በጊዜም በቦታም ለማራራቅ ይጥራሉ። በየትኛውም ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። ዝናብ የሚበዛበት የደጋ አፈር በረጅም ዘመን ውስጥ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን በውኃ እየታጠበ ያጣል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚወሰድ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። የአፈሩ ፒ.ኤች. ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ሟምቶ የሥሩን ጫፍ ይመታል፤ ሥሩ አጥሮና ደንድኖ ይቀራል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተቆራኝቶ ለሰብሉ አይደርስም። ስለሆነም ገበሬው በዱቤ ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ከፊሉ እዚያው አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ በልዩ ልዩ ደረጃ የኮመጠጠ እንደሆነ ይገመታል፤ የጎጃም ደጋ ደግሞ ችግሩ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው መልሱን በራሱ መንገድ ሰጥቷል። ገብስ እምቢ ባለው ማሳ ላይ እንግዶ፣ ግብጦ ወይም ድንች ይዘራል፤ ይህም ካልሆነ ባሕር ዛፍ ይተክላል። በጎረቤት በአዊ በኩል ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ ከሰል ማክሰል የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የመሬት መድከም ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከሚያየው ገደል ከፊሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ልሞ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፤ አሉሚኒየሙን መልሶ ያስራል፤ ካልሲየም ይጨምራል። ነገሩ በላቦራቶሪም በማሳም የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ ለምን በያንዳንዱ ማሳ ላይ አይታይም? የዋጋና የማጓጓዣ ችግር እንዳለ አይካድም፤ የማስረዳቱ ችግር ግን ከዚያ አያንስም።

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «አሲድ» ሲባል ገበሬው የሚያስበው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን፣ ሥጋ የሚያቃጥለውን ነው፤ «መሬትህ አሲድ አለበት» ያለው ወጣት ሳያውቀው መርዝ አለበት ብሎ አስፈራርቷል። «ኖራ» ደግሞ የግድግዳ ቀለም ነው። ከእሳት የወጣው ኖራ እጅና ዓይን እንደሚጎዳ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ይህን በእርሻ ላይ በትን የሚል ምክር እንደ ቀልድ ይሰማል። ያልተቃጠለውና የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ከዚያ የተለየ መሆኑን ማስረዳት በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የተሻለው አስረጂ ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ፣ አሽቶ፣ እጁ እንዳልተጎዳ ካሳየ በኋላ ነው ወሬውን የሚጀምረው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል ገደማ ይበቃል ሲባል የለመደ ገበሬ፣ ለኖራ ግን እንደ አፈሩ ሁኔታ ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልግ ይነገረዋል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ማሳው ያለውን መንገድ የሚሸከመው አህያ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኩንታል ብዙም አያልፍም። የአህያውን ምልልስ አስልቶ የማያውቅ ባለሙያ ስለ ኖራ ባይናገር ይሻለዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ጊዜ ነው። ማዳበሪያ በተበተነ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ሲጠቁር ይታያል። ኖራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ብዙ ጊዜ ዓይን የሚሞላ አይደለም፤ ጥቅሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እየጎላ ሄዶ እስከ አምስት ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መድገም ያስፈልጋል። ስለዚህ ገበሬውን በመጀመሪያው ክረምት ያሳመነው ሰው በመጀመሪያው ጥቅምት «የታለ ያልከው?» ተብሎ ሲጠየቅ እዚያው መገኘት አለበት። በሁለተኛው ጥቅምትም እንደዚሁ። በአምስተኛው ዓመት ምርቱ መልሶ ሲቀንስ፣ ይህ የኖራው ውሸት ሳይሆን የዕድሜው ማለቅ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።

የጊዜው ነገር የጎጃም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሁለት መንደሮች የሚኖሩ 259 ገበሬዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት፣ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ወደ 13 ዓመት እንደ ፈጀ አሳይተዋል። ዘሩ ጥቅሙ በዚያው ዓመት የሚታይ፣ ገበሬዎቹም ማንበብ የሚችሉ ነበሩ። ወሬውን በብዛት ያመጡት የዘር ሻጮች ሲሆኑ፣ ያሳመኑት ግን ጎረቤቶች ናቸው። እዚያ 13 ዓመት የፈጀ ነገር በስናንና በጎዛምን በሁለት ዓመት ዘመቻ እንዲያልቅ መጠበቅ ከሳይንሱም ከታሪኩም ጋር አይስማማም።

ታዲያ የምሩቁ ጉዞ ስንት ዓመት በአንድ ቀበሌ ያቆየዋል? የዕድገቱ መሰላል ራሱ መልሱን ይሰጣል። ዲፕሎማ ይዞ ቀበሌ የገባ ወጣት የመጀመሪያ ሐሳቡ ዲግሪ ነው፤ ይህም የሚነቀፍ ምኞት አይደለም። በዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ በሳሳካዋ ድርጅት ርዳታ የተከፈተው ፕሮግራም በሥራ ላይ ያሉ የልማት ሠራተኞችን ተቀብሎ ለዲግሪ ሲያበቃ፣ ተማሪው ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ከገበሬዎች ጋር የመረጠውን አንድ ችግር በተግባር እንዲሠራበት ያስገድድ ነበር። ከዚህ አገር የኤክስቴንሽን ትምህርቶች ሁሉ የማስረዳትን ሙያ በቁም ነገር የያዘው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ከዲግሪው በኋላ የሚመጣው ነው። ባለ ዲግሪው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ ከወረዳ ወደ ደብረ ማርቆስ የዞን መምሪያ ያድጋል፤ ዕድል ከቀናው የምርምር ማእከል ወይም በ1999 ዓ.ም ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይወስደዋል፤ አለዚያም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ወይም ባንክ ይቀጥረዋል። እያንዳንዱ እርከን ደመወዙን ከፍ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ እርከን ደግሞ ከማሳው አንድ እርምጃ ያርቀዋል። የገበሬውን ጥርጣሬ ማለዘብ የተማረው ሰው፣ ያንን በተማረ ማግሥት ከገበሬው ጋር መነጋገር ወደማይጠበቅበት ወንበር ይዛወራል። በእርሱ ቦታ የሚተካው ወጣት ከሀ ይጀምራል፤ ገበሬውም አብሮት ከሀ ይጀምራል። አምስት ዓመት የሚኖር ኖራና ሁለት ሦስት ዓመት የሚቆይ መልእክተኛ እንዴት ይገጣጠማሉ?

በቋንቋና በጋዜጠኝነት ተመርቀው በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የተቀጠሩትም ከዚህ ጉዞ ውጭ አይደሉም። ሙያቸው ማስረዳት ነው፤ ዕለታዊ ሥራቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዘገባ ነው። ስለ ኖራ የሚወጣው ዜና በአመዛኙ ስለ ኖራው ሳይሆን ማሳውን ስለ ጎበኙት ኃላፊዎች መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

መቆየት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስተምራሉ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ አለፈ። የመንደሩ ልጅ በመሆናቸው ጓዳ ድረስ ይገባሉ፤ ስለ ወሊድና ስለ ክትባት ለወንድ ባለሙያ የማይነገረው ይነገራቸዋል። ይሁንና ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት በዚያው የሥራ ደረጃ ላይ ቀሩ። አንዱ ሙያ ሰው እያሳደገ ከሕዝቡ ያርቃል፤ ሌላው ከሕዝቡ ጋር አቆይቶ ዕድገት ይነፍጋል። ምሩቁ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ መገደዱ ነው የነገሩ ቁስል።

ሌላም ነገር አለ። መልእክተኛው የሚሰማውን ወደ ላይ የሚያደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። በ2004 ዓ.ም ክረምት ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘዴ በሰፊው ሲቀሰቀስ የምርት ተስፋው ከፍተኛ ነበር። በኦሮሚያ በገበሬዎች ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት ግን የተገኘው ጭማሪ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑን፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ብዙ መሆኑን አሳይቷል። ጎንበስ ብሎ ያን ደቃቅ ዘር በመስመር ያፈሰሰ ገበሬ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም፤ አጠገቡ የቆመውም ሠራተኛ ያውቅ ነበር። የሪፖርቱ ቅጽ የሚጠይቀው ግን በመስመር የተሸፈነውን ሄክታር እንጂ ገበሬው ያለውን አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጎዳው የዘዴው ስም ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛውን መድኃኒት ይዞ የሚመጣው ሰው ቃል ነው።

የስልክ አገልግሎት ይህን ክፍተት ይሞላል የሚል ተስፋ በ2006 ዓ.ም ከተጀመረው ከ8028 ጋር መጥቶ ነበር። ገበሬው ደውሎ በቋንቋው የተቀረጸ ምክር ይሰማል፤ የዘር መጠንና የመዝሪያ ጊዜ ለማወቅ እጅግ ጠቃሚ ነው። የተቀረጸ ድምፅ ግን በጥቅምት ማሳ ዳር ቆሞ «የታለ ያልከው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ሳቢያም የመስክ ሠራተኞች እንቅስቃሴ በብዙ ቦታ ተደናቅፏል፤ በመካከሉ ኖራ የተበተነበት ማሳ ሁሉ የሚከታተለው ሰው ሳይኖር ዓመቱን ይቆጥራል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ቀላል ባይሆንም ግልጽ ነው። በቀበሌ እየሠራ የቆየ ሠራተኛ ከቀበሌው ሳይወጣ የወረዳ ባለሙያ ደረጃና ደመወዝ የሚያገኝበት የእርከን ሥርዓት እንዲጠና መጠየቅ፣ ብዙ ባለድርሻ አካላት ያሉበት ነገር እንደ መሆኑ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን በያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የኖራ ማሳ መዝገብ ሊኖር ይችላል፤ የማሳው ቦታ፣ የተበተነበት ወርና ዓመት፣ የኩንታሉ ብዛት፣ ለገበሬው የተነገረው ተስፋ፣ ገበሬው በየጥቅምቱ የተናገረው ቃል እንዳለ ተጽፎ ይቀመጥበታል። የሚዛወረው ሠራተኛ መዝገቡን ለተተኪው ሲያስረክብ ርክክቡ በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በማሳው ላይ፣ ባለማሳው በቆመበት ይሁን። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና የአንድ ቀን የውሎ አበል ነው።